ከድራሙ ሆድ ሥር ያለው ሽቦ

በአያት፣ በሰሚት ወይም በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ ድራም የሚለማመድ ልጅ ያለበትን ቤት ለማወቅ በር ማንኳኳት አያስፈልግዎትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ቆም ማለት ይበቃል። የዚህ ወር ጽሑፋችን ለእነዚያ ቤቶች ነው፤ በተለይ ልጁ «ይሄ ስኔር ድምፁ አይረባም፣ ሌላ ይገዛልኝ» ማለት ለጀመረባቸው። ስለ ድምፁ ልጁ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ድራሙን ገልብጠው ከሥሩ ይመልከቱት።

ስኔር የምንለው ከድራም ስብስቡ መካከል በተጫዋቹ ጉልበቶች መሐል የሚቀመጠውን ጠፍጠፍ ያለ ድራም ነው። የአብዛኞቹ ስፋት 14 ኢንች ነው። ከላይም ከታችም ቆዳ አለው፤ ቆዳ እንላለን እንጂ የዛሬው ፕላስቲክ ነው። በታችኛው ቆዳ ላይ እንደ ሞላ የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ጎን ለጎን ተወጥረዋል። የላይኛው ቆዳ ሲመታ በውስጡ ያለው አየር የታችኛውን ይገፋዋል፤ የታችኛው ሲርገበገብ ሽቦዎቹን ያንጫጫቸዋል። «ጨስ» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። በድራሙ ጎን ያለችውን ማንሻ አላልተው ሽቦውን ከቆዳው ቢያርቁት ያው ድራም «ዱም» ብቻ ይላል።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር የምንሰማው ያ ነዛሪ ድምፅ ከአውታሩ ብቻ የሚወጣ አይደለም። በየአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ አውታሩ ሲመታ እሷን እየነካ ይነዝራል። ደርዳሪው እንዚራዋን ጥቂት ወደዚህ፣ ጥቂት ወደዚያ እያደረገ የሚፈልገውን ድምፅ ያገኛል። የስኔር ሽቦም ሥራው ይኸው ነው። ዝምድናቸው በዚህ አያበቃም፤ የበገና አውታር ከበግ አንጀት እንደሚሠራ ሁሉ በአውሮፓም ሽቦ ከመለመዱ በፊት በእንዲህ ያለው ድራም ሥር የሚወጠረው አንጀት ነበር። የኛ ከበሮ ግን፣ ሁለት ፊት ቢኖረውም፣ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም።

ስኔር ከማርሽ ባንድ ጋር የኖረ መሣሪያ ነው። በኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ባንድ ሆነው ከተጫወቱ ወዲህ፣ በኋላም በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ባንዶች ዘመን፣ የከተማው ሰው የሰልፍ ሙዚቃን ለምዷል። የሰልፍ ስኔር የሚጠበቅበት ከሜዳ ማዶ መሰማት ነው። የእርስዎ ቤት ስኔር ያለው ግን ወለሉ ሴራሚክ በሆነ፣ ግድግዳው ልስን በሆነ፣ ምናልባት አንድ መጋረጃና አንድ አልጋ ብቻ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ክፍል ቀጭኑንና ስለታሙን ድምፅ መልሶ መላልሶ ያስተጋባል። የሽቦ ምርጫ ቁም ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አብዛኛው ስኔር ከፋብሪካ ሲወጣ የሚገጠምለት ባለ 20 ክር ሽቦ ነው። በገበያ ላይ ባለ 12፣ ባለ 16፣ ባለ 24፣ ባለ 30፣ እስከ ባለ 42 ክር ድረስ አለ። ክሩ ሲበዛ ሽሽታው ይበዛል፤ ዱላው ቆዳውን ገና ሲነካው ድምፁ ይሰማል፣ ግን የድራሙ የራሱ ድምፅ በሽቦው ይሸፈናል። ክሩ ሲያንስ እንጨቱ ወይም ብረቱ ራሱ ይሰማል፤ ምቱ ደረቅና ጥርት ያለ ይሆናል፣ ግን በስሱ የተመታው ሊጠፋ ይችላል። ባለ 42 ክሩ ከሳጥን ውስጥ ሲወጣ ዓይን ይማርካል። በትልቅ አዳራሽ፣ በኃይለኛ ድምፅ ማጉያ መካከል የራሱ ቦታ አለው። በኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ውስጥ ግን አልመክረውም። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ባለበት ክፍል ባለ 20 ይበቃል፤ ክፍሉ ባዶና የሚያስተጋባ ከሆነ ባለ 16 ይሞክሩ።

የሚጫወተው ዜማም ይወስናል። ችክችካ ምቶቹ ተከታትለው የሚመጡበት ነው፤ የአንዱ ምት ሽሽታ ሳያልቅ ሌላው ከደረሰ ምቱ ይቦካል፣ ስለዚህ አጠር ያለ ድምፅ ይሻለዋል። ቀስ ባለ ትዝታ ላይ፣ በተለይ በዱላ ፈንታ በብሩሽ ሲጫወቱ፣ ቆዳው በስሱ ሲዳሰስ የሚመልስ ሽቦ ያስፈልጋል፤ እዚያ ባለ 20 ወይም ባለ 24 ያምራል። ልጅዎ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር የሚጫወት ከሆነ የአዳራሹንና የቤቱን ስኔር በአንድ ሚዛን አይመዝኑ። እዚያ ሰውና ወንበር ድምፁን ይውጠዋል፤ ቤት ውስጥ የሚውጠው የለም።

ማዕድኑም ለውጥ ያመጣል፣ ከክሩ ብዛት ያነሰ ቢሆንም። የብረት ሽቦ ብሩህና ቁጡ ነው። የናስ ወይም የነሐስ ሽቦ ለስለስ፣ ጠቆር ያለ ድምፅ ይሰጣል። ለጀማሪ ተራው የብረት ሽቦ በቂው ነው፤ የነሐሱን ልዩነት ጆሮው ራሱ ሲጠይቅ ይደርስበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ይህኛው ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ብዙ ጊዜ «አይረባም» የሚባለው ስኔር ሽቦው ያለልክ የተወጠረ ነው። ሽቦው ሲጠብቅ ቆዳው ይታነቃል። በስሱ ሲመቱት አይመልስም፣ ሲያጠነክሩበት ብቻ ነው የሚናገረው። እንግዲህ ምን ይከተላል? ልጁ ስሱን ምት ስለማይሰማው ኃይል ይጨምራል። ኃይል ሲጨምር ከላይ ያሉት ጎረቤት ይወርዳሉ፣ ከታች ያሉት ይወጣሉ። ወላጅ «በቃ!» ይላል፣ ልጁም ድራሙን ጥግ ያስይዘዋል። ብዙ ድራም በዚህ መንገድ የልብስ ማስቀመጫ ሆኗል።

ስለዚህ ከማንሻዋ አጠገብ ያለችውን መጠምዘዣ ሽቦው እስኪንቀጫቀጭ ድረስ ያላሉት። ልጅዎ በአንድ ዱላ ከቆዳው ጠርዝ አጠገብ በጣም በስሱ እየመታ ይቆይ፤ እርስዎ መጠምዘዣዋን ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ። መንቀጫቀጩ ቀርቶ አጭርና ንጹሕ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ አለ። እዚያ ይቁሙ። ከዚያ አልፈው ሲያጠብቁ ድምፁ እየቀጨጨ ከሄደ አልፈዋልና ይመለሱ። ሁለት ሰው ቢሠራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እናት ወይም አባት በልጁ ሙዚቃ ውስጥ እጅ የሚያስገቡበትም ጥሩ ሰበብ ነው።

ያም ሆኖ ካልተስተካከለ ሽቦውን ይመርምሩ። ክሮቹ ሁሉ እኩል ተወጥረው ከቆዳው ላይ መተኛት አለባቸው። አንዱ ከታጠፈ ወይም ከረገበ ለብቻው ይንጫጫል፤ እሱን በቆራጭ ፒንሳ ከሁለቱም ጫፍ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፣ ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ብዙዎቹ ከረገቡ ግን ዕድሜው አልቋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የታችኛውን ቆዳ ይጠንቀቁ፤ ውፍረቱ 0.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የፒንሳ ጫፍ ይበሳዋል።

አዲስ ሽቦ ሲገዙ የድራሙን ስፋት ይለኩ፤ ለ14 ኢንች ድራም የ14 ኢንች ሽቦ ነው የሚገዛው። በሱቅ ውስጥ አንዱን ጫፍ ይዘው ያንጠልጥሉት፤ ክሮቹ ተስተካክለው ካልወረዱ፣ አንዱ ከወዲሁ ከተንሻፈፈ፣ ሌላ ይጠይቁ። የሚያስሩበትን ገመድ ወይም የፕላስቲክ ጥብጣብም አብረው ይውሰዱ። በሱቅ ካጡት ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ማስላክ ከሚቻሉት ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ጠፍጣፋና ቀላል ስለሆነ በሻንጣ ውስጥ ቦታ አይሻማም። «የድራም ሽቦ» ብቻ ብለው ግን አይላኩ። «14 ኢንች፣ ባለ 16 ክር፣ ለስኔር» ብለው ይጻፉለት። ከአዲስ ስኔር ጋር ሲተያይ ዋጋው ጥቂት ነው።

ጎረቤትን በተመለከተ ሽቦ ተአምር አይሠራም። በወለሉ አልፎ የታችኛውን ቤት የሚያናውጠው በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም ነው፤ ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍ ያስፈልገዋል። የስኔሩ ድምፅ ደግሞ በመስኮትና በበር ነው የሚሾልከው። መስኮቱን መዝጋት፣ ለዕለታዊ ልምምድ ቆዳው ላይ ፎጣ ማንጠፍ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ሰዓት መነጋገር ይሻላል። ሕፃን ያለበትን ቤት፣ የሌሊት ሥራ ያለበትን ሰው ሳይጠይቁ የልምምድ ሰዓት አይወስኑ።

አንድ የቀረ አለ። ማታ ቴሌቪዥን ሲያዩ ወይም ልጅዎ ኪቦርድ ሲጫወት ከጥግ «ዝዝዝ» የሚል ነገር ከሰሙ አይደንግጡ፤ መብራቱም ማቀዝቀዣውም አይደለም። ወፍራም ድምፅ በአየር ተጉዞ የስኔሩን ቆዳ ሲያርገበግበው ሽቦው ይመልሳል። ከልምምድ በኋላ ማንሻዋን ማላላት ነው።