የፍቅርና የጥርጣሬ መጻሕፍት ከሣጥናችን አይውጡ



ከማኅበራችን የመጻሕፍት ሣጥን የፍቅር ልብ ወለድ ይውጣ፣ በምትኩ የዓረብኛ መማሪያና የሕግ ወረቀት ብቻ ይግባ የሚል ሐሳብ መጥቷል። ሐሳቡን ያመጡት እህቶች ክፉ አስበው አይደለም። «የመጣነው ለሥራ ነው፤ የፍቅር መጽሐፍ ልብ ያሸፍታል። ስንቷ ናት በጣፋጭ ምላስ ተታልላ ከቤት ወጥታ ደመወዟንም ኢቃማዋንም ያጣችው?» ነው የሚሉት። እውነት አላቸው፤ ሁላችንም አይተናል። የሕጉም ነገር ያስፈልገናል። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ እንዳደረጋት የማታውቅ እህት ካለች ዛሬ ትወቅ። ግን ለመታለል መድኃኒቱ ልብ ወለዱን ማውጣት ነው በሚለው አልስማማም።

እኔ የምከራከርለት በተለይ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው፤ ፍቅርና ጥርጣሬ አንድ ላይ ያሉበት። ሴቲቱ ትወዳለች፣ ግን የወደደችው ሰው ማን እንደሆነ ገና አላወቀችም። የምታነበውም አላወቀችም። ልብ ተንጠልጥሎ ነው የሚነበበው። ይኼ ዓይነቱ መጽሐፍ ዓይን ይከፍታል ባይ ነኝ።

ከአገራችን ልጀምር። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ያሳተመው በ1975 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው የፖለቲካ መጽሐፍ ነው ይላል፤ ነውም። የሚተርከው በ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ላይ የነበረውን ነው። እኔን ግን ማታ ማታ እንቅልፌን ትቼ ያስነበበኝ ፍቅሩ ነው። ጸጋዬ ጋዜጠኛ ነው፣ አዲስ አበባ እጮኛ አለችው። አስመራ ሄዶ ፊያሜታ ጊላይን ይወዳል። ከተማው በሰላይ ተሞልቷል፤ አብሮህ ቡና የሚጠጣው ሰው ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም። ስለዚህ አንባቢ እያንዳንዱን የፍቅር ቃል ሁለት ጊዜ ታነባለች፤ አንዴ በልቧ፣ አንዴ በጥርጣሬዋ። ይኼ ቃል ከልብ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለበት? ርዕሱ ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ፣ አስመራ ላይ የሚነገር ቃል ነው፤ አበቃ፣ ከእንግዲህ የለም እንደማለት ነው።

መጽሐፉ እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ የተገኘችው መኪናው ብቻ ናት። ባለሥልጣን ልብ ወለድን ይህን ያህል ከፈራው፣ እኛ «ጊዜ ማጥፊያ ነው» ብለን ከሣጥን የምናወጣው በምን ሒሳብ ነው?

ሁለተኛው ምሳሌዬ የውጭ ነው። አጋታ ክሪስቲ የምትባል እንግሊዛዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተመችው ነው፤ ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «ከዚያ ማንም አልቀረም» እንደማለት ነው። ታሪኩ ከእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ፈንጠር ብላ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው። አሥር ሰዎች ተጠርተው ይሰበሰባሉ። ከአሥሩ መካከል ቬራ የምትባል ወጣት አለች። ለጸሐፊነት የተቀጠረችው በደብዳቤ ነው፤ አሠሪዋን አይታው አታውቅም። የቤት ሠራተኞቹም ባልና ሚስት እንደዚሁ በኤጀንሲ በኩል ነው የተቀጠሩት፤ እነሱም አሠሪያቸውን አላዩትም። ይኼን ስትሰሙ የመክተቡ ነገር ትዝ አላላችሁም? ደሴቱ ላይ ሲደርሱ የቤቱ ጌታ የለም። ጀልባውም አይመለስም። ከዚያ አንድ በአንድ መሞት ይጀምራሉ።

እኔን የመሰጠኝ የቬራና የሎምባርድ ነገር ነው። እሱ ደፋር ነው፣ ሽጉጥ ይዟል፣ አነጋገሩም ደስ ይላል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ብቻ የቀሩ ሲመስላቸው ቬራ «ገዳዩ እሱ ነው» ብላ ትገድለዋለች። ገዳዩ ግን እሱ አልነበረም። ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ1943 ታሪኩን ለቲያትር ስታዘጋጀው መጨረሻውን ለወጠችው፤ እዚያ ሁለቱም ይተርፋሉ፣ ይዋደዳሉም። ያው ሰው፣ ያው ደሴት፣ ሁለት መጨረሻ። ከዚህ የምንማረው «ወንድ አትመኑ» የሚለውን አይደለም። ዝም ብሎ ማመንም፣ ዝም ብሎ መጠርጠርም ሰው ይጎዳል። የሚያድነው ምልክቱን አይቶ፣ ጠይቆ፣ አመዛዝኖ መፍረድ ነው።

እንዲህ ዓይነት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ደሴት የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ደሴት ላይ ጀልባውን የያዘ ሰው ሁሉንም ይዟል። እኛ ደሴት ለማወቅ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ቨርደን ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት፣ ቁልፉ በማዳም ቦርሳ፣ ፓስፖርቱ በሚስተር መሳቢያ ከሆነ ደሴት ነው። ከበረንዳ መኪናው ሲተራመስ ይታያል፣ መውረጃ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መኸር ጦርነቱ ሲበረታ አሠሪዎቻቸው ሸሽተው እነሱን ጥለዋቸው የሄዱ፣ በር እንደተቆለፈባቸው የቀሩም እህቶች ነበሩ። መጠለያ ተከልክለው መንገድ ላይ ያደሩም ነበሩ። ለእነዚያ ጀልባው አልተመለሰም።

እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ያለች ሴት ዘንድ ነው በስልክ «አወጣሻለሁ፣ እንጋባለን» የሚል ሰው የሚመጣው። እዚህ ላይ የሱርን ታሪክ ልንገራችሁ። ሱር፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጢሮስ የምትባለው የደቡብ ከተማ፣ ጥንት ደሴት ነበረች። ዛሬ በመኪና የምንገባባት ታላቁ እስክንድር በ332 ዓመተ ዓለም ባሕሩን አስደልድሎ መንገድ ስላሠራ ነው። ያ መንገድ ግን የተሠራው ነዋሪውን ሊያወጣ አይደለም፤ ጦር ሊያስገባ ነው። ወደ ደሴትሽ መንገድ የሚሠራልሽ ሁሉ ሊያድንሽ አይመጣም። በመንገዱ ላይ ምን ይዞ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማየት ነው።

«ይህንን በምክር መንገር አይቻልም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ምክር ሰምተን ሰምተን ሰልችቶናል። ለወደደች ልጅ «ተጠንቀቂ» ብትላት «ቀንታብኝ ነው» ትላለች። መጽሐፍ ውስጥ ያለችውን ልጅ ግን ማንም አይቀናባትም። «ኧረ ይቺ ልጅ፣ ደብዳቤውን አላየችም እንዴ?» ብላ የጮኸች ሴት፣ ነገ የራሷ ስልክ ላይ ያለውን መልእክት በሌላ ዓይን ታነበዋለች።

መጥፎ መጻሕፍት የሉም አልልም። ወንዱ ይቆልፍባታል፣ ይጮኽባታል፣ ስልኳን ይበረብራል፤ በመጨረሻ «ከፍቅር ብዛት ነው» ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ ዓይነቱ እኔንም ያናድደኛል። ቢሆንም እሱንም አብረን አንብበን ብንሰድበው ይሻላል። ተደብቃ ብቻዋን የምታነብ ልጅ «ፍቅር ማለት ይኼ ነው» ብላ እንዳትቀር ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሕግና የቋንቋ መጻሕፍት ይጨመሩ፣ ልብ ወለዱም ይቆይ። ሁለተኛ፣ እሑድ እሑድ ግማሽ ሰዓት አንድ ምዕራፍ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ማንበብ የማይችሉ እህቶችም ይስሙ። ታሪኩ ሲጦዝ እናቁምና እያንዳንዷ ትናገር፤ ማን ዋሸ? በምን አወቅሽ? «መሰለኝ» አይበቃም፣ ምልክቱን ትጥቀስ።

ሦስተኛው ለመጻፍ ለምትችሉ ነው። በነዚህ ታሪኮች ውስጥ የቤት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ሻይ አቅርባ ትወጣለች። እስቲ አስቡት፤ በቤቱ ውስጥ ማን መቼ እንደገባ፣ የትኛው አልጋ እንዳልተተኛበት፣ የትኛው ልብስ ደም እንደነካው ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ሱር ላይ፣ ባሕሩ ዳር፣ ፍቅርም ምሥጢርም ያለበት፣ ነገሩን የምትፈታው ሀበሻዋ ሠራተኛ የሆነችበት ታሪክ ጽፋችሁ ለመጽሔታችን አምጡልን። ፊደል ቢሳሳት እናርመዋለን። እኔ የመጀመሪያዋ አንባቢ ነኝ።