አዲስ አበባ ላይ የቀዘቀዘ ፍሪጅ ለአዋሽ አይመሰክርም

ሰሞኑን ወሎ ሰፈር፣ ከቦሌው ጎዳና ወደ ጎተራ በሚታጠፈው መንገድ ዳር፣ አንድ ደላላ አንዲት ሚኒባስ ከፍቶ ያስጎበኘኝ ነበር። የኋላ ወንበሮቿ ተነቅለው አልጋ ገብቶባታል። ከአልጋው ሥር የቡታጋዝ ምድጃ፣ ከምድጃው ጎን ደግሞ በመኪናዋ ሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ ትንሽ ፍሪጅ ተቀምጧል። ደላላው ክዳኑን ከፍቶ አንድ ጠርሙስ ውኃ አወጣና «ያዘው ወንድሜ፣ በረዶ ነው! ይሄ እኮ ለብቻው ሌላ መኪና ነው» ብሎ በእጄ አስያዘኝ። ውኃው በእርግጥም ቀዝቃዛ ነበር። ደላላው አልዋሸም። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው ግን ይኸው ያልዋሸ ደላላ ነው።

እንደሚታወቀው እንዲህ ያለች መኪና የሚገዛ ሰው ቦሌ ላይ ሊያድርባት አይደለም። እንግዳ ይዞ ወደ አዋሽ፣ ወደ አፋር ወይም ወደ ኦሞ ሸለቆ ሊወርድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ዳሎል በአንጻሩ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተካሄደ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል። ልብ ይበሉ፣ ይህ ሌሊቱም ቀኑም ተደምሮ የተገኘ አማካይ ነው። ሥጋ፣ ወተትና ዕንቁላል የሚጫነው እዚህ ነው፤ የሚበላው እዚያ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለም ሆነ በቀላሉ የሚበላሽ ምግብ ከ5 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ፣ በክፍል ሙቀትም ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። እንግዲህ ጥያቄው ፍሪጁ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው አይደለም። የት ነው የሚሠራው የሚለው ነው።

ገበያ ላይ ያሉት የመኪና ፍሪጆች በመሠረቱ ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያውና ርካሹ ሞተርም ጋዝም የለውም፤ ኤሌክትሪክ በሁለት የተጣበቁ ቁሶች ውስጥ ሲያልፍ አንዱ ጎን ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይሞቃል። የዚህ ዓይነቱ ዕቃ የራሱ የሆነ ቋሚ ቅዝቃዜ የለውም። ማድረግ የሚችለው ከውጭው አየር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ዝቅ ማለት ነው። ወሎ ሰፈር ላይ ውጭው 22 ቢሆን ውስጡ ወደ 4 ይጠጋል፤ ደላላውም ጠርሙሱን በኩራት ያስይዛል። አዋሽ ላይ ውጭው 36 ሲሆን ያው ፍሪጅ ያለ አንዳች ብልሽት 18 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ሰመራ ላይ 42 ሲሆን ደግሞ 24 ይሆናል። ይህ ለሥጋ ማቀዝቀዣ ሳይሆን ማሞቂያ ነው።

ሁለተኛው በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራው ድምፅ አልባ ፍሪጅ ነው። በቡታጋዝ ሲሠራ ቆጣቢ ቢሆንም መኪናዋ ዘንበል ብላ ከቆመች በትክክል አይሠራም፤ ነበልባሉም የታፈነ ቦታ ውስጥ ሰው ሊገድል የሚችል ጭስ ያወጣል። በባትሪ ሲሠራ ደግሞ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ኃይል ያለማቋረጥ ይስባል። የተለመደው ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን፣ ማለትም 600 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሞተር ጠፍቶ ስድስት ሰዓት ያህል ከሠራ ባትሪው አለቀ ማለት ነው። በረሃ ላይ ሥጋ ቢበላሽ ራት ይቀራል፤ መኪና አልነሣ ቢል ግን ጉዳዩ የሕይወት ነው።

ሦስተኛው እንደ ቤት ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ያለው ነው። ሙቀት አይበግረውም፣ በረዶም ይሠራል፣ ኃይልም ይቆጥባል። ታዲያ ሁሉም ሰው ይህንኑ ለምን አይገዛም? መልሱ ዋጋው ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉ የሚዘነጋ አይደለም። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይህንኑ ጫና ተሸክሟል።

ይሁን እንጂ ከዋጋው የባሰው ችግር ሌላ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጽሑፍ፣ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም የአማካዩን ጥራት ዋጋ ብቻ መክፈል እንደሚፈልግ አሳይቷል። በዚህም የተነሣ ጥሩ ዕቃ ያለው ነጋዴ ከገበያው ይወጣል። ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ነው። ወሎ ሰፈር ላይ የምናየውም ይኸው ነው። በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር ርካሹም ውዱም ፍሪጅ እኩል ያቀዘቅዛሉ። ገዢው ልዩነቱን በእጁ ዳስሶ ሊያውቀው አይችልም፤ ስለዚህ ርካሹን ይገዛል። አስመጪውም ነገ የሚያመጣው የተሸጠለትን ነው።

ለጊዜው የተሻለ መፍትሔ ያለው በየቤታችን ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ሙቀት ይውጣል። አሥር ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲኮች ለበረዶው መስፋፊያ ጥቂት ክፍት ቦታ እየተተወ ውኃ ተሞልተው ከጉዞው ሁለት ቀን ቀደም ብለው በቤት ፍሪጅ ቢረጉ፣ ከ1.6 ኪሎዋት ሰዓት ያላነሰ ሙቀት ይይዛሉ። ይህ ከላይ ከተጠቀሰው ዓይነት ሁለት ባትሪዎች በኮምፕሬሰር ፍሪጅ ከሚሰጡት ቅዝቃዜ ጋር የሚቀራረብ ነው። ወፍራም ግድግዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ክዳኑ በየደቂቃው ካልተከፈተ ሁለት ቀን ያዘልቃሉ፤ ሲቀልጡም ይጠጣሉ። ዶላር አልወጣባቸውም።

የአያቶቻችንንም ዘዴ መናቅ አይገባም። ሲራራ ነጋዴው በሶና ጭኮ ቋጥሮ ቆላውን ሲያቋርጥ ፍሪጅ አላሻውም። ቋንጣ፣ ሽሮ፣ ንጥር ቅቤና ዳቦ ቆሎ የጫነ መኪና ለሣጥኑ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንግዳውም ከታሸገ ቋሊማ ይልቅ የቋንጣ ፍርፍር ቢቀርብለት ቅር የሚለው አይመስለኝም። ያልተፈለገ ቅዝቃዜ ከሁሉም ይረክሳል።

ከሁለት ቀን በላይ ለሚዘልቅ ጉዞ ግን ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የአፋር ፀሐይም ሥራ ፈት አይደለችም፤ ጣሪያ ላይ የሚገጠም ባለ 100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በጥሩ ቀን ከ400 ዋት ሰዓት የማያንስ ይሰጣል። ነገር ግን በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ቆላ ለሚወርድ አነስተኛ የጉዞ ድርጅት ይህን ሁሉ ገዝቶ ቀሪውን ዓመት መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ ካፒታልን ማሰር ነው። እዚህ ላይ ነው ባለሀብቱ ቦታ የሚያገኘው። አሥር ጥሩ ፍሪጆችን ከነባትሪያቸውና ከነፀሐይ ሰሌዳቸው ይዞ በቀን የሚያከራይ ሰው፣ አሥር ድርጅቶች በየግላቸው ሊሸከሙት የማይችሉትን ወጪ ያከፋፍላል። ዕቃው ሳይሠራ የሚውልበት ቀን ሲያንስ ኪራዩም ይቀንሳል።

ገዢዎች ደግሞ አንድ ልማድ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። «ስንት ዲግሪ ደረሰ?» ብለው አይጠይቁ። «ከውጭው በስንት ዲግሪ ዝቅ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ፍሪጁን ውኃ በሞሉ ጠርሙሶች ሞልተው፣ መኪናዋን ፀሐይ ላይ ዘግተው፣ አንድ ቴርሞሜትር ከውስጥ፣ አንድ ከውጭ አድርገው አንድ ቀን ያቆዩት። ልዩነቱ በሽያጭ ውሉ ላይ ይጻፍ። የደላላው ኮሚሽንም ከፊሉ መኪናዋ ከመጀመሪያው የአዋሽ ጉዞ ስትመለስ ይከፈል። ሐቀኛ ደላላ በዚህ አይከስርም፤ እንዲያውም ስሙ ይሸጥለታል።

እኔም ያን ዕለት ደላላውን ይህንኑ ጠየቅሁት። ጠርሙሱን መልሶ እያስገባ ትከሻውን ነቀነቀና «እሱን እንግዲህ ገዝተህ ታየዋለህ» አለኝ። ገበያችንን የሚያሳምመው ይኸው «ገዝተህ ታየዋለህ» ነው።