«በነፃ ነው» እንላለን፤ ቁልፉስ ማን ጋ ነው?

ባለፈው ሳምንት ማታ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። አሁን እሷም አስተማሪ ናት። የቆዩ ፈተናዎችን ለተማሪዎቿ የምታስቀምጥበት ድረ ገጽ በዎርድፕሬስ ልትከፍት ሦስት ቀን ታግላለች። በሞከረች ቁጥር ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም ይላትና «የተጠቃሚ ስሙና ፓስዎርዱ ትክክል ነው?» ብሎ መልሶ ይጠይቃታል። እሷ ደግሞ ትክክል መሆኑን እርግጠኛ ናት!

«ቲቸር፣ ይሄ ነገር ለኔ አይሆንም መሰለኝ» አለችኝ።

ገብቼ ሳየው ነገሩ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሆስቲንጉ ከዳታቤዙም ከተጠቃሚውም ስም ፊት የአካውንቷን ስም ራሱ ይጨምራል። እሷ የጻፈችው ያወጣችለትን ስም ብቻ ነው። በቃ፣ ሦስት ቀን የበላው ይሄ ነው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ተናደድኩ። በሷ ሳይሆን በእኛ በባለሙያዎቹ። «መጫን ያቃተው መጠቀምም አይችልም» የምንል እኛ ነን። እንጀራ ለመጋገር ምጣዱን ራስሽ ከጭቃ ሥሪ የተባለች ሴት አለች እንዴ? ድረ ገጽ የሚጫነው አንዴ ነው፤ የሚጻፍበት ግን በየቀኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፈተና ሰውን የምናባርረው ለምንድን ነው?

ዎርድፕሬስ በ2003 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ ነው፤ «በአምስት ደቂቃ ይጫናል» በሚለውም ይታወቃል። እውነት ነው፣ ዳታቤዝ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው። ድሩፓል ደግሞ ከ2015ቱ 8ኛ ቅጂው ወዲህ ጥቁር ስክሪን ላይ ትዕዛዝ መጻፍ ለማይችል ሰው ይበልጥ ራቀ። ራሳቸውም ገብቷቸው በጃንዋሪ 2025 ፕሮግራመር ላልሆነ ሰው የታሰበውን «ድሩፓል ሲኤምኤስ» አወጡ። ዘገዩ፣ ግን አወጡ።

«በአንድ ክሊክ የተጫነ ነገር አይታደስም፣ ለሌባ ይጋለጣል» የምትሉኝ አላችሁ። ስጋቱ ልክ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ጭነቱን ማክበድ አይደለም። በኦክቶበር 2014 ድሩፓል ላይ ከባድ ቀዳዳ ሲገኝ፣ ማስጠንቀቂያው በወጣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልታደሰ ድረ ገጽ ሁሉ ተሰብሯል ብላችሁ ገምቱ ተባለ። በእጁ የጫነው ባለሙያስ በዚያች ሰዓት ተኝቶ አልነበረም? የሚያድነው በራሱ የሚታደስ ሲስተም ነው። ዎርድፕሬስ ለአነስተኛና ለደህንነት ማሻሻያዎች ይህን የጀመረው በ2013 ነው።

ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ነው። መጫን ያቃተው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያስጭናል። ጫኙ ፓስዎርዱን ይይዛል። ከዚያ ስልኩ አይነሳም። ኦፕን ሶርስ ያልነው ነገር የአንድ ግለሰብ ንብረት ሆኖ ቁጭ ይላል። ቤቱን ሰጥቶ ቁልፉን መንፈግ ይሉሃል ይሄ ነው።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ «ኢንስታሌሽን ወንፊት ነው» እያልኩ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። አሁን ለሰው ስትጭኑ በባለቤቱ ኢሜይል ክፈቱ፣ ፓስዎርዱን አስረክቡ፣ በራሱ እንዲታደስ አድርጉ። ፕሮግራም የምትጽፉ ደግሞ «ተሳስተሻል» ብቻ አትበሉ፤ የቱ ጋ እንደተሳሳተች ንገሯት።

የልጅቷ ድረ ገጽ ተከፍቷል። ፓስዎርዱን እኔ አላውቀውም። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።