ሙዚቃ የፊልም ሎሌ አይደለም

«ጥሩ የፊልም ሙዚቃ ማለት ተመልካቹ ልብ ሳይለው የሚያልፈው ነው» የሚል አስተሳሰብ በኪነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ ሥር ሰዷል። በዚህ አስተሳሰብ ምስሉ ጌታ፣ ዜማው ሎሌ ነው፤ የሎሌውም ተግባር በታዘዘበት ቦታ ማስደንገጥና በታዘዘበት ቦታ ማስለቀስ ብቻ ይሆናል። ይህን አስተሳሰብ አጥብቄ እቃወማለሁ። ተቃውሞዬንም በባዶ መፈክር ሳይሆን በአንድ የሙዚቃ ደራሲ የሥራ ዘመን አስደግፌ አቀርባለሁ። ሰውየው ቴይጂ ኢቶ ይባላል።

ኢቶ እ.ኤ.አ. በ1935 ቶኪዮ ውስጥ ተወለደ። በስድስት ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እናቱ ቴይኮ ኦኖ ተወዛዋዥ ነበረችና ገና በልጅነቱ ከበሮ እየመታ በመድረክ ላይ ያጅባት ጀመር። የልጅ ከያኒነት ብዙውን ጊዜ ለአላፊ ጭብጨባ ብቻ ይውላል፤ ለእርሱ ግን ትምህርት ቤት ሆነው። ተወዛዋዥን የሚያጅብ ከበሮ መቺ እግሯ መሬት ከመንካቱ አስቀድሞ መቼ እንደሚነካ ማወቅ አለበት። መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ማወቅ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

በወጣትነቱ ከሙከራ ፊልም ሠሪዋ ከማያ ዴረን ጋር ተገናኘ። «ዘ ቬሪ አይ ኦቭ ናይት» ለተሰኘው ፊልሟ ሙዚቃ ደረሰ። በ1955 ወደ ሄይቲ አብሯት ተጉዞ ከአገሬው የከበሮ መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። የሌላውን ሕዝብ ዜማ እንደ ጌጥ ለቅመው ከሚሄዱት የሚለየውም በዚሁ በደቀ መዝሙርነቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ እንምጣ። ዴረን ከአሌክሳንደር ሃሚድ ጋር በ1943 የሠራችው «ሜሺዝ ኦቭ ዚ አፍተርኑን» ድምፅ አልባ ነበር። የኢቶ ሙዚቃ የተጨመረለት ከ16 ዓመታት በኋላ፣ በ1959 ነው። በፊልሙ ውስጥ ቁልፍ፣ ቢላዋና ፊቱ መስተዋት የሆነ ጥቁር ለባሽ ይመላለሳሉ። ሙዚቃው ይህን ሕልም አይተረጉምም፤ «እዚህ ላይ ፍሩ» ብሎም አያዝዝም። በምቱና በዝምታው መካከል ተመልካቹን ብቻውን ያቆመዋል።

«ፊልሙ በዝምታው ምሉዕ ነበር፤ ሙዚቃው ትርፍ ነው» የሚሉ አሉ። ዝምታው ኃይል እንደነበረው አልክድም። ነገር ግን ሙዚቃው እንዲታከል የፈቀደችው ባለሥራዋ ራሷ ናት። ደግሞስ ሎሌ ከጌታው ጋር ይመጣል እንጂ ከ16 ዓመታት በኋላ ደርሶ የቤቱን አየር ይለውጣልን? እንዲህ የሚያደርግ የቤቱ ባለድርሻ ነው!

ባለድርሻው ግን ስሙን ተነፈገ። በ1960 ተጋቡ፤ ዴረን በ1961 አረፈች። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሷ በተጻፈው ሁሉ ኢቶ «ባሏ» እየተባለ በአንድ መስመር ይታለፋል። ይኸው ሰው ግን በዚያው በ1961 ለቴአትር ሙዚቃዎቹ የኦቢን ሽልማት ተቀብሏል፤ በ1972 ጀሮም ሮቢንስ ለኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ላዘጋጀው «ዋተርሚል» ሙዚቃ ደርሷል። በ1982 በ47 ዓመቱ ያረፈው ከበሮውን በተማረባት በሄይቲ ምድር ነው።

እንግዲህ ከሐያስያን የምንጠይቀው ምጽዋት አይደለም። ስለ ፊልም ሲጽፉ ስለ ድምፁም ይጻፉ፤ የደራሲውንም ስም ይጥሩ። አዘጋጆች ሙዚቀኛውን ሥራው ካለቀ በኋላ ለማስዋብ ሳይሆን ሐሳቡ ሲጠነሰስ ይጥሩት። መምህራንም ይህን ፊልም ሁለት ጊዜ ያሳዩ፤ መጀመሪያ ድምፁን ዘግተው፣ ቀጥሎ ከፍተው። ከዚያም ተማሪውን «ያየኸው አንድ ፊልም ነው ወይስ ሁለት?» ብለው ይጠይቁት። ሎሌ ነው የተባለው ማን እንደሆነ መልሱን ከራሱ ጆሮ ያገኘዋል።