ጨው መቀነስ ያለበት ከጋራ ገበታ ነው



የደም ግፊት አለብህ የተባለ ሰው ከጤና ጣቢያ ሲወጣ ከመድኃኒቱ ጋር «ጨው ቀንስ» የሚል ምክርም ይዞ ይወጣል። ምክሩ ትክክል ነው፤ የሚሰጠው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው። በወሎ ቤት ደግሞ ብቻውን የሚበላ የለም። አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ የመጣ እንግዳም ሳይቀር ከአንድ ትሪ ይቆርሳሉ። ስለዚህ ለታማሚው ለብቻው በትንሽ ድስት ይሠራለታል፤ ከሳምንት በኋላ እሱም ይሰለቸዋል፣ ሠሪዋም ትደክማለች፣ ወደ ትሪው ይመለሳል። እኔ የምለው፣ ጨው ከታማሚው ሳህን ሳይሆን ከቤተሰቡ ድስት ይቀነስ ነው።

ሕዝባችን ይህን በሽታ «ደም ብዛት» ይለዋል። ስሙ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። ጨው ውኃ ይይዛል። ኩላሊት የበዛውን ጨው በጊዜው አጣርቶ ማስወጣት ሲያቅተው በደም ሥር ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ ይጨምራል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል። ይህ ለዓመታት ሲቀጥል ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። ክፋቱ ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም። ሰውየው እርሻውንም ንግዱንም እየሠራ ቆይቶ አንድ ቀን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲል ነው ቤተሰቡ የሚደነግጠው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ በደንብ አይሞላም። በ2015 እ.ኤ.አ. በመላ ኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት አማካዩ በቀን 8.3 ግራም ሆኖ ተገምቷል። ከመቶ ሰው 96 ያህሉ ከልኩ አልፏል። በዚያው ጥናት የደም ግፊታቸው ከፍ ያለው ከመቶ 16 ያህል ነበሩ። እንግዲህ «ጨው የሚበዛው በሽተኛው ላይ ነው» ማለት አይቻልም፤ ትሪው ላይ የተቀመጥነው ሁላችንም ነን።

ይህ ሁሉ ጨው ከየት ይመጣል? እናቶችን ብትጠይቁ «እኔ ወጥ ላይ ቁንጥር ነው የማደርገው» ይላሉ፤ አይዋሹም። ነገር ግን በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ሲመጠን ገብቶበታል። አዋዜውና ሚጥሚጣው አላቸው፣ ቋንጣው አለው፣ ከሱቅ የሚመጣው የሾርባ ኩብ ደግሞ አብዛኛው ጨው ነው። ቁንጥሯ የመጨረሻዋ ናት እንጂ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ለዚህ ነው በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ይዘጋጁ የምለው፤ ጨው አንድ ቦታ ብቻ፣ ድስቱ ላይ ከገባ ልኩን ማወቅ ይቻላል።

ከዚያ ቡናችን አለ። ከኩታበር እስከ ኮምቦልቻ ጨው ጣል ያለበት ቡና የሚወድ ብዙ ነው። በአንድ ስኒ ግማሽ ግራም ብትገባ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው 3 ግራም ጨው በቡና ብቻ ወሰደ ማለት ነው። ምግብ ገና አልቀመሰም! ድሮ ጨው ከአፋር በግመል ሲወጣ ውድ ነበር፤ አሞሌው ራሱ እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለነበር ማንም አያባክነውም። ዛሬ ርካሽ ነው፤ እጃችንም ያለ ሐሳብ ይዘግናል።

ለቤት የሚሆን ቀላል መለኪያ ልስጣችሁ። ስድስት ሰው ያለበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው ከአንድ ወር በላይ ሊቆየው ይገባል፤ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የሚገባውንም ጨምሮ። ልጆች ካሉ ደግሞ ከዚያም በላይ። በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ከሆነ ቤቱ ሁሉ ከልኩ እጥፍ እየበላ ነው።

በመድኃኒት ቤት በኩል የማየውን ልጨምር። ለደም ግፊት ከሚታዘዙት አንዱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፤ ሥራው ጨውንና ውኃን በሽንት ማስወጣት ነው። ጠዋት እንክብሉን ውጦ ከሰዓት በጨው ቡና የሚመልስ ሰው መድኃኒቱን በከንቱ ያደክማል፤ ከዚያም «አልሠራልኝም» ብሎ ያቆማል። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም በራስ ፈቃድ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም በሰውነት ውስጥ ጨው ያስቀራሉ፣ የግፊት መድኃኒቱንም ኃይል ይቀንሳሉ። ስትገዙ የደም ግፊት እንዳለባችሁ ተናገሩ።

ጨው ለሰባ በሽታ ፈውስ ነው የሚለውን ንግግር ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመጣ አድርገው የሚያወሩም ያጋጥሙኛል። ኢብኑል ጀውዚ ይህን ሐሰተኛ ሐዲሶችን በሰበሰቡበት ኪታባቸው ውስጥ አስፍረውታል። አላህ (ሱ.ወ.) መብላትና መጠጣትን ሲፈቅድልን ወሰን ማለፍን ደግሞ ከልክሎናል፤ ጨውም ከዚህ አይወጣም።

በሌላ በኩል ጨው ጨርሶ ይቅር ማለቴ አይደለም። ደጋው የእንቅርት አገር ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዛል። አዮዲን ያለውን ግዙ፣ በክዳን ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ፤ ሙቀት አዮዲኑን ያባክነዋል። ትንሽም ቢሆን አዮዲን ያለው ይበቃል።

ቤተሰብ በሙሉ ሲለውጥ ምን እንደሚገኝ በቻይና ታይቷል። በ600 መንደሮች ወደ 21 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ከመንደሮቹ ግማሹ ለቤቱ ማብሰያ ከጨው ሩቡ በፖታሲየም የተተካ ጨው ተሰጥቷቸው ነበር፤ በነሱ ዘንድ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀነሰ። ያ ዓይነቱ ጨው ግን የኩላሊት ሕመም ላለበት፣ ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድም ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም አይሞከርም። የእኛ መንገድ መቀነስ ነው። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ከተቀነሰ ምላስ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ይለምደዋል፤ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማና በሶብላ ያግዛሉ። ጨው አነሰኝ የሚል ጤነኛ በጎኑ ይጨምር። እስከ ዛሬ በሽተኛው ነበር የሚለየው፤ አሁን ጨው ወዳዱ ይለይ።

የረመዷን ኢፍጣር ለምታዘጋጁ የመስጊድ ኮሚቴዎችና እህቶችም አንድ ጥያቄ አለኝ። የአንድ በርሜል ሾርባ ጨው የሚወሰነው በአንዲት ሠሪ እጅ ነው፤ የሚጠጣው ግን መቶ ሰው፣ ከመካከላቸውም ግፊት እንዳለበት ያላወቀ ብዙ አለ። ኩቡን ተዉትና ጨው በትንሽ ሳህን ለብቻ ይቅረብ።