አብነቱን አትፋቁ

ከቡሬ አንዲት እናት ወደዚህ ዓምድ በላኩት ደብዳቤ፥ የልጆቻቸው የክርስትና፥ የታላቂቱም ልጃቸው የተክሊል ፎቶግራፍ ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ መከማቸቱን ገልጸው፥ «ምን ባደርግ ይሻለኛል?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው አጭር ነው። መልሱ ግን እኔን ራሴን የሚያሳፍር ታሪክ አለበትና ከዚያው ልጀምር።

በ2011 ዓ.ም. ጥር 11 ቀን በፍኖተ ሰላም ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለሱ፥ አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከካህናቱ ጋር ቆመው ሳለ በስልኬ ፎቶግራፍ አነሣኋቸው። በሥዕሉ ቀኝ ዳር አያቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ አጎቴ «ያባትህን ሥዕል ለግድግዳ አሳትምልኝ» ስላለኝ፥ ፎቶግራፉን ወደ ኮምፒውተር አዛውሬ ዳር ዳሩን ከረከምሁ፤ አባቴን ብቻ አስቀረሁ፤ ብርሃኑን ጨመርሁ፤ «ሴቭ» የሚለውንም ተጫንሁ። ሥዕሉ አምሮ ታተመ፤ ተመሰገንሁም። ስልኬ ሞልቶ ስለ ነበረ በእርሱ ውስጥ ያለውን አስቀድሜ ደምስሼዋለሁ።

በ2013 ዓ.ም. አያቴ ዐረፉ። ለአርባቸው ተሰብስበን ሳለ ከወንበርማ የመጣችው አክስቴ «ልጄ፥ ያን ጊዜ በጥምቀት እናቴን አንሥተሃቸው አልነበረም? እስቲ አሳየኝ» አለችኝ። አያቴ በመታወቂያቸው ላይ ከነበረችው ደብዛዛ ጉርድ በቀር ሥዕል አልነበራቸውም። ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። አባቴ ቆመዋል፤ በቀኝ በኩል ግን ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ የአንድ ነጠላ ጥለት ጫፍ ብቻ ይታያል።

በልጅነቴ ድቁና ስማር አንድ ቁም ጸሐፊ ሲጽፉ እየተቀመጥሁ አይ ነበር። አብነቱን መጽሐፍ ከፊታቸው ዘርግተው፥ ብራናቸውን ከጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጽፋሉ። ሲሳሳቱ የሚፍቁት የራሳቸውን ብራና ነው እንጂ፥ አብነቱን በምላጭ ሲነኩ አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። ይህን እያየሁ ያደግሁ ሰው የአያቴን አብነት በአንድ ጣት ፋቅሁት።

እንግዲህ ካሜራው እንዳነሣው ያለው ፎቶግራፍ አብነት ነው። ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሁለት ማኅደር፥ በተለምዶ ፎልደር የሚባለውን፥ ክፈቱ። አንዱን «አብነት»፥ ሁለተኛውን «የተስተካከለ» በሉት። ከአብነቱ ማኅደር ሥዕል ይቀዳል እንጂ በዚያ ውስጥ ምንም አይከረከምም። ማስተካከል ስትሹ ቅጁን ወደ ሁለተኛው ማኅደር አምጥታችሁ በእርሱ ላይ ሥሩ፤ ስትጨርሱም «ሴቭ» በማለት ፈንታ «ሴቭ አዝ» ወይም «ሴቭ አዝ ኮፒ» የሚለውን ምረጡ። ይህም ስለ መከርከም ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ የስልክ ፎቶግራፎች የሚቀመጡበት ጄፔግ የተባለው ዘዴ ቦታ ለመቈጠብ ሲል ዓይን አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ጥቃቅን ነገር ይጥላል። ሥዕሉን ባስተካከላችሁና መልሳችሁ ባስቀመጣችሁ ቍጥር እንደ ገና ይጥላል፤ የተጣለውም አይመለስም። መክፈትና መቅዳት ብቻውን ግን አይጐዳውም።

ስለ ስያሜ አጭር ነገር ልናገር። ማኅደሩን «2011-05-11 ጥምቀት ፍኖተ ሰላም» ብትሉት ኮምፒውተሩ ራሱ በዘመን ተራ ይደረድርላችኋል። የወሩና የቀኑ አኃዝ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ይሁን። ካሜራው በውስጡ የሚጽፈው የአውሮፓውን ቀን ነው፤ ያን ዕለት ጃንዋሪ 19 ቀን 2019 ብሎ ይመዘግበዋልና ሁለቱን አታደባልቁ። በሥዕሉ ውስጥ ያሉትንም ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ ስማቸውን ጽፋችሁ በዚያው ማኅደር አኑሩ። ዛሬ ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ማን እንደ ሆኑ የሚነግር ላይገኝ ይችላል።

ማስተካከሉን አልነቅፍም። እንዲያውም የእኛ አገር የበዓል ፎቶግራፍ አንድ የታወቀ ችግር አለበት። ካሜራው የነጠላውን ንጣት አይቶ ብርሃን የበዛ ስለሚመስለው ሥዕሉን በሙሉ ያጨልማል፤ ነጠላው በደኅና ይወጣል፥ ፊቱ ግን ይጠቍራል። ይህን ለማረም ብርሃኑን በጠቅላላው ከፍ ያደረጉት እንደ ሆነ ፊቱ ይገለጣል፤ የነጠላው እጥፋትና ጥለት ግን በንጣቱ ውስጥ ይጠፋል። መድኃኒቱ «ሻዶው» የሚባለውን፥ የጨለመውን ክፍል ብቻ የሚያበራውን መቈጣጠሪያ ቀስ እያሉ ማንሣት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ገና ሥዕሉ ሲነሣ በስልኩ መስተዋት ላይ የሰውየውን ፊት በጣት መንካት ነው፤ ያን ጊዜ ካሜራው ብርሃኑን የሚለካው በነጠላው ሳይሆን በፊቱ ነው።

ፊት የሚያለሰልሰውን መሣሪያ ግን አልወደውም፤ የፎቶ ቤት ወጣቶች ይቀየሙኝ ይሆናል። የእናቶቻችንን የግንባር መስቀልና የአንገት ንቅሳት እንደ እድፍ ቈጥሮ ያደበዝዘዋል፤ የዕድሜያቸውን መሥመር ይደመስሰዋል። ሥዕል ስታሳትሙ «አታለስልስብኝ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

አሁን ወደ እናቲቱ ዋና ጭንቀት ልመለስ። ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ መሆኑ ያስፈራል፤ ይሰረቃል፥ ይወድቃል፥ ይቃጠላል። ሦስት ቅጅ ይኑርዎ፤ አንዱ በኮምፒውተሩ፥ ሁለተኛው በውጭ ሃርድ ዲስክ፥ ሦስተኛው ከቤትዎ ውጭ በዘመድ ቤት። የቡሬው ቤተ ሰብ በፍኖተ ሰላም፥ የፍኖተ ሰላሙም በቡሬ ቢያስቀምጥ ምንም አይከብድም። ፍላሽ ብቻውን አይታመንም። ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲዞር ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ሳይከፈት ለብዙ ዓመታት ቢቀመጥም የያዘውን ሊረሳ ይችላል። በኢንተርኔት ማስቀመጥ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት በቈየ ጊዜ፥ በዚያ ብቻ ያስቀመጠ ሰው የልጁን ሥዕል ማየት አልቻለም። በሎንዶን ያለው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት እንኳ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹን አንሥቶ በኢንተርኔት ካሳየ በኋላ፥ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ሰርሳሪዎች ኮምፒውተሮቹን አጥቅተውበት ሥዕሎቹ ለረዥም ጊዜ ከአንባቢ ተሰወሩ። ሌላ ቅጅ በደኅና አኑሮ ስለ ነበረ ግን አልጠፉበትም።

የአገራችንም ሊቃውንት ይህን ቀድመው አስበውበታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 በተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ ወደ 9,000 የሚሆኑ መጻሕፍት ሲነሡ፥ ፊልሙ በአዲስ አበባም፥ በአሜሪካም በሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ እንዲቀመጥ ተደረገ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ዓመት የደከሙበት ዝርዝር የተዘጋጀው ከዚሁ ፊልም ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ፎቶግራፍ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ሥዕል ሳይሆን «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩት። እንደ ሥዕል ከተላከ መልእክቱ እንዲቀል ያሳንሰዋል። በስፋት 4,000፥ በቁመት 3,000 ነጥብ ያለው የስልክ ፎቶግራፍ ጥራቱን ሳይለቅ 34 በ25 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይታተማል። ወደ 1,280 በ960 ያነሰው ግን ከ11 በ8 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም።

ይህንም የተማርሁት ከዚያው ታሪክ ነው። የአርባው ዕለት ያፈርሁትን ያህል አፍሬ ከተቀመጥሁ በኋላ፥ ያን ሥዕል ሳልከረክመው በጥምቀቱ ማታ ቡሬ ላለው ያጎቴ ልጅ በቴሌግራም ልኬለት እንደ ነበረ ትዝ አለኝ። ከስልኩ ውስጥ ተገኘ፤ አንሶ የደረሰው ነው። አያቴ በእርሱ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጡም። አስፍተን አሳተምነው፤ ፊታቸው ጉም የለበሰ ሆኖ ወጣ። አክስቴ ተቀብላ ለረዥም ጊዜ ተመለከተችው፤ «ጭስ ቤት ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ» አለች። ወንበርማ ወስዳ ከምሰሶው ላይ ሰቅላዋለች።