ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለ ደም ነው

«ይህ በሽታ የዝሙተኞች ነው፤ የኛን ቤት አይነካም» የሚል ወላጅ ዛሬም በመካከላችን አለ። ዝሙት ሐራም መሆኑን የሚጠራጠር ሙስሊም የለም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ለመሆኑ በምክርና ምርመራ ጣቢያ «ቫይረሱ በደምዎ ውስጥ አለ» የሚባሉት እነማን ናቸው?

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ኤች አይ ቪ የተገኘባቸው ሴቶች 1.2 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 0.6 በመቶ ነበሩ። በከተማ 2.9 በመቶ፣ በገጠር 0.4 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ሴቶች እጥፍ ሆነው የተገኙት እጥፍ ስለባለጉ ነውን? ሐኪሞች የሚነግሩን ሌላ ነው። የሴት አካል ለቫይረሱ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ብዙዎች የሚዳሩት በዕድሜ ለሚበልጣቸው ወንድ ነው። ውጭ አድሮ የሚመጣን ባል «ተመርመር» ለማለት ደፋር የምትሆነውም ጥቂት ናት።

በዚህ ላይ ነፍሰ ጡር ለክትትል ስትሄድ ደሟ ይመረመራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከባሏ በፊት የምትታወቀው እሷ ናት። ቀድማ ስለታወቀችም «ያመጣችው እሷ ናት» ይባላል። ከባልና ሚስት አንዱ ተይዞ ሌላው ነጻ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ማን ያስተውላል?

ጎንደር ፒያሳ ላይ ሰው ሰውን ያውቃል። አንዲት እህት ከምርመራ ክፍል ስትወጣ ከታየች ወሬው ከመግሪብ በፊት አዲስ ዓለም ይደርሳል። ወሬኛው ግን ምን እያለ እንደሆነ አስቦታል? ንጹሕ ሴትን ያለ አራት ምስክር በዝሙት የወነጀለ ሰማንያ ጅራፍ እንደሚገባው ሱረቱ ኑር ደንግጓል። የላቦራቶሪ ወረቀት ከአራቱ ምስክሮች የትኛው ነው?

ከኒካሕ በፊት መመርመር መልካም ነው፤ ይደረግም። ነገር ግን ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለ ደም እንጂ ስለ ጠባይ አይደለም። «ነጻ ነው» የተባለ ሁሉ ጨዋ አይደለም፤ ቫይረሱ የገባው በቅርብ ከሆነም ምርመራው ላያሳየው ይችላል። የተገኘበትም ሁሉ ባለጌ አይደለም። ከእናቱ የወረሰው ወጣት ምን አጠፋ?

የሐሜታችን ዋጋ የሚከፈለው በሕይወት ነው። ሐሜትን የሚፈራ ሰው ሰውነቱ እስኪደክም ድረስ አይመረመርም፤ የተመረመረውም መድኃኒቱን ደብቆ ይውጣል ወይም ያቋርጣል። በአገራችን መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ያለ ሕክምና ከመቶ ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ከእናታቸው ይያዙ ነበር፤ በሕክምና ግን ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል።

«ሩቅያ ይበቃሃል፤ ክኒኑን ተው» የሚሉ ወገኖችም አሉ። ዱዓና መድኃኒት መቼ ተጣሉ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን ያዘዙ አይደሉምን? በረመዳን የሚጨነቅ ቢኖርም መድኃኒቱ ለብዙዎች በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን ወደ ኢፍጧር ወይም ወደ ሱሑር ማዞር ይችላል።

አባቶች ሆይ! ልጆቻችሁን ከዝሙት አስጠንቅቁ፤ ከሐሜትም አስጠንቅቁ። ኢማሞቻችን ሆይ! በኹጥባችሁ ስለ ሐራሙ የምትናገሩትን ያህል የታመመን ስለ መጠየቅና የሰውን ገመና ስለ መሸፈንም ተናገሩ። በምርመራ ጣቢያው በር ላይ የቆመችው የማንም ሳትሆን የኛው እህት ናት።

ወላሁ አዕለም።